የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ በጦርነቱ ጊዜ፣ በ3 ሜትር ጠረጴዛ ላይ

ጥያቄው በአጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂው ቨርጂኒያ ይኖራል። አያቱ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ይሠሩ ነበር። ጣቢያውን በጣልያን ጦርነት ጊዜ እንደነበረው አድርጎ በሞዴል ሊሠራው ፈልጓል። ቤዝመንቱ ውስጥ 3 ሜትር በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቦታ አለው። 16.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የኤች ኦ ሐዲድ (ኤች ኦ ማለት 1 ለ87፣ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ የሞዴል መጠን ነው) ቀድሞ ገዝቷል። ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ሐዲዱ ይሆነኛል ወይ? የትኛውን ባቡር ልግዛ? ታንኩንና ወታደሩንስ የት የት ላስቀምጥ?

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምርልህ፣ ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። ታንክ አያስፈልግህም። የሚያስፈልግህ ቀን ነው። ቀን ስልህ አንድ የተቆረጠ ቀን፣ ቢበዛ አንድ ሳምንት።

«የጦርነቱ ጊዜ» ብለህ ከጀመርክ ትቸገራለህ። ጦርነቱ አንድ ጊዜ አይደለምና። ጣልያን መስከረም 22 ቀን 1928 ድንበር ተሻገረ። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ አምስት ዓመት ቆየ። ድሬዳዋ ከጣልያን እጅ የወጣችው መጋቢት 20 ቀን 1933፣ ከእንግሊዝ ጎን የተሰለፈው የደቡብ አፍሪካ ጦር ሲገባባት ነው። (የሚገርመው፣ ልክ ከአምስት ዓመት በፊት፣ መጋቢት 20 ቀን 1928፣ ጎረቤቷ ሐረር በአውሮፕላን የተደበደበችበት ቀን ነው።) በእነዚህ ዓመታት ጣቢያው ላይ የተሰቀለው ባንዲራ ተቀያይሯል፣ ዘበኛው ተቀያይሯል፣ ሐዲዱ ላይ የሚሮጠውም ተቀያይሯል። የ1928ቱን ዘበኛ ከ1931 ባቡር ጋር ካስቀመጥክ ሥራህ የየትኛውም ቀን አይሆንም። የሚያውቅ ሰው አንዴ አይቶት ያልፋል።

እኔ ብሆን የምመርጠውን ልንገርህ። ከሚያዝያ 24 እስከ ግንቦት 1 ቀን 1928 ያለችውን ሳምንት።

ለምን መሰለህ? ሚያዝያ 24 ሌሊት ጃንሆይ በባቡር ከአዲስ አበባ ወጡ። ሚያዝያ 26 ከጅቡቲ ኢንተርፕራይዝ በሚባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፈሩ። ወደ ጅቡቲ የሚወስደው ሐዲድ በድሬዳዋ በኩል ነው፣ ሌላ መንገድ የለውም። በማግስቱ፣ ሚያዝያ 27፣ የጣልያኑ አዛዥ የባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ግንቦት 1 ደግሞ ከአዲስ አበባ በባቡር የመጣው የባዶሊዮ ጦርና ከኦጋዴን በኩል የመጣው የግራዚያኒ ጦር ድሬዳዋ ላይ ተገናኙ። በመሃል ያሉት ቀናት ናቸው እንግዲህ። መንግሥት ወጥቷል፣ ጠላት ገና አልገባም፣ ባቡሩ ግን አለ። በሞዴል ልታሳየው የምትችለው ጦርነት ይሄ ነው፣ የሚጠብቁ ሰዎች።

ጣቢያውን በዚያ ሰሞን ማን ይጠብቀው ነበር? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል። የምድር ባቡሩ ኩባንያ የፈረንሳይ ነበር። ፈረንሳይ ሐዲዱን ለመጠበቅ ከቅኝ ግዛት ጦሯ የሴኔጋል ወታደሮችን ድሬዳዋ ላይ አስፍራ ነበር። ስለዚህ ፕላትፎርምህ ላይ የሚቆመው ዘበኛ ሴኔጋላዊ ነው፣ የጣልያን ወታደር አይደለም። ሲቪ 33 የምትባለዋ ትንሿ የጣልያን ታንክ በሞዴል ስትታይ ታምራለች፣ አውቃለሁ፣ እኔም አለችኝ። ግን በዚያ ሳምንት እዚያ ጣቢያ ምን ትሠራለች? ከግንቦት 1 በፊት ቦታ የላትም። ተዋት።

ሌሎቹንም ምርጫዎች በአጭሩ ልንካቸው። 1928 ጥቅምትና ኅዳርን ብትመርጥ ጥሩ ነው። በዚያ ሰሞን የውጭ ጋዜጠኛ ከጅቡቲ በባቡር እየጎረፈ ይገባ ነበር። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀልም ከተቋቋመ ገና ወራት ነው፣ ሐምሌ 1 ቀን 1927 ነው የተመሠረተው፣ ስለዚህ ቀይ መስቀል የተቀባ ሣጥን የጫነ ፉርጎ ለዚያ ጊዜ ይስማማል። የ1933ቱ ደግሞ ታሪኩ ትልቅ ነው፣ ለሞዴል ግን አስቸጋሪ ነው። ጣልያን ሲያፈገፍግ የአዋሽን ድልድይ አፍርሶታል፣ ጅቡቲ ደግሞ እስከ 1935 ድረስ ከጀርመን ጋር ባበረው የቪሺ ፈረንሳይ መንግሥት እጅ ነበረች። ግራም ቀኝም የተቆረጠ መስመር ላይ ምን ታስኬዳለህ? የፈረሰ ድልድይ ብቻውን ቆሞ የሚታይ ሥራ አድርገህ ብትሠራው ግን ግሩም ነገር ይወጣዋል። ለሌላ ጊዜ ያዘው።

አሁን ወደ ሐዲዱ። የገዛኸው 16.5 ሚሊ ሜትር አይሆንም። አዝናለሁ፣ ግን አሁን ብነግርህ ይሻላል። ያ ስፋት በ1 ለ87 ሲሰላ 1435 ሚሊ ሜትር ነው፣ የአውሮፓና የአሜሪካ መደበኛ ሐዲድ። የጅቡቲ አዲስ አበባው አሮጌው መስመር ግን ስፋቱ 1 ሜትር ነው። 1 ሜትር ለ87 ሲካፈል 11.5 አካባቢ ይመጣል፣ ለዚህ ገበያ ላይ ያለው 12 ሚሊ ሜትር ነው። ኤች ኦ ኤም ይባላል። ቲሊግና ፔኮ የሚባሉት የሞዴል ኩባንያዎች ሐዲዱን ይሠራሉ። «ባይሆን በ16.5ቱ ልሥራው» ካልክ ባቡሩን፣ ሰዉንና ሕንፃውን ሁሉ በ1 ለ60 መሥራት አለብህ። ያኔ 8 ሜትር የነበረ ፉርጎ 13 ሳንቲ ሜትር አልፎ ይሄዳል፣ 3 ሜትርህ ምንም አይዝልህም። በ1 ለ87 ያው ፉርጎ 9 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ለዚህ ጠረጴዛ ኤች ኦ ኤም ነው ትክክሉ።

የገዛኸውን ግን አትጣለው። ብየዳውን፣ ጠጠር ማልበሱን፣ ዝገት መቀባቱን እሱ ላይ ተለማመድ። እጅህ እስኪፈታ አንድ ሜትር ሐዲድ መበላሸቱ አይቀርም፣ የሚበላሸው እሱ ይሁን።

ስለ ባቡሩ። የድሬዳዋን ሎኮሞቲቭ በሣጥን ታሽጎ የምትገዛበት ሱቅ የለም። መነሻ ግን አለህ። ለመስመሩ ሎኮሞቲቭ ካቀረቡት ፋብሪካዎች አንዱ ስዊስ ዊንተርቱር ያለው ፋብሪካ ነው። ያው ፋብሪካ ለስዊሱ የሬቲያ ምድር ባቡር ጂ 4/5 የሚባለውን ሎኮሞቲቭ ሠርቷል፣ እሱም የ1 ሜትር ሐዲድ ነው። ቤሞ የሚባለው የሞዴል ኩባንያ ይሄን በ12 ሚሊ ሜትር አውጥቶታል። ቁርጥ ያ ነው እያልኩህ አይደለም። የቤተሰብ መልክ አለው ግን፣ ጥቂት ብትነካካው ከሩቅ ሰው ያሳምናል። ዋጋው ኪስ ይጎዳል፣ ያገለገለ ፈልግ። ሌላው መንገድ ቲ ቲ የሚባለው የ1 ለ120 ሞዴል ነው። የእሱም ሐዲድ 12 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ሞተሩንና ጎማውን ወስደህ ከላይ በራስህ የታተመ ወይም ከፕላስቲክ የተቆረጠ አካል ታለብሰዋለህ። እኔ ፉርጎዎቼን በሙሉ የሠራሁት በዚህ መንገድ ነው። የሚፈጀው ገንዘብ ትንሽ ነው፣ የሚፈጀው ትዕግሥት ግን ብዙ ነው።

ሊቶሪና፣ ማለትም ራሷ ሞተር ያላትን የመንገደኛ ባቡር፣ አስቀምጣለሁ እንዳትል። የድሬዳዋ ሰው ሊቶሪናን ይወዳታል፣ ይገባኛል፣ ግን በዚህ መስመር ላይ የመጣችው በጣልያን ይዞታ ጊዜ ነው። ኢንተርኔት ላይ «ኢትዮጵያ» ተብለው የሚለጠፉት ብዙዎቹ የሊቶሪና ፎቶዎች ደግሞ ከአስመራ ምፅዋ መስመር የመጡ ናቸው። ያ ሌላ መስመር ነው፣ ሐዲዱም 950 ሚሊ ሜትር ነው። ፎቶ ስታይ መጀመሪያ ተራራውን እየው። ዋሻና ገደል ከበዛበት ድሬዳዋ አይደለም።

ስለ ፎቶ ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። የመጀመሪያዎቹን አራት ፉርጎዎቼን የሠራሁት ከቀለም ፎቶ ላይ ነበር። ጎናቸው ላይ «ሲ ዲ ኢ» የሚሉትን የላቲን ፊደላት በቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ ጻፍኩ፣ ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። ድሬዳዋ ወስጄ ለአንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ አሳየኋቸው። አባባ መነጽራቸውን አድርገው አንዱን ፉርጎ አነሱ፣ ወደ ብርሃኑ አዞሩት፣ ቆዩ። «ልጄ፣ እጅህ ጎበዝ ነው። ይሄ ግን የኔ ጊዜ ፉርጎ ነው፣ የአባቴ አይደለም» አሉኝ። ልክ ናቸው። ሲ ዲ ኢ የሚለው ስም የመጣው ኩባንያው በ1970ዎቹ የኢትዮጵያና የጅቡቲ ሲሆን ነው። በ1928 ኩባንያው የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ነበር፣ ምሕፃሩም «ሲ ኤፍ ኢ»። አራቱንም ፋቅኋቸው። አንተም የምታየው ፎቶ ላይ ዲ ፊደል ካለች ፎቶው ለሕንፃው ይጠቅምህ ይሆናል፣ ለፉርጎው አይጠቅምህም።

አቀማመጡን እንዲህ አድርገው። ከ3 ሜትሩ መሃል ያለው 1.8 ሜትር ይታይ። በሁለቱም ጫፍ 60፣ 60 ሳንቲ ሜትር ይደበቅ። አንዱ ጫፍ «ጅቡቲ» ነው፣ ሌላው «አዲስ አበባ»። አንዱን በወርክሾፑ ሕንፃ ትሸፍነዋለህ፣ ሌላውን በግንብ አጥርና በዛፍ። ሎኮሞቲቩ 14 ሳንቲ ሜትር፣ አራት ተጎታች እያንዳንዱ ከነመጋጠሚያው 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ሙሉ ባቡሩ 54 ይሆናል፣ ስለዚህ 60ው ውስጥ ይደበቃል። ሦስት ሐዲድ መቀየሪያ ይበቃሃል፤ ሁለቱ ባቡሮች እንዲተላለፉ፣ አንዱ ወደ ወርክሾፑ ለሚገባው። ከዚያ በላይ አትጨምር። ሰው 3 ሜትር ሲያገኝ ሰባት መቀየሪያ ይሰካና ለሰው፣ ለአቧራና ለባዶ ቦታ የሚሆን ስፍራ ያጣል። ድሬዳዋ ደግሞ ባዶ ቦታ ያስፈልጋታል። የጣቢያው ግቢ ፀሐይ የሚያርፍበት ሰፊ መሬት ነው፣ እሱን ካጠበብከው ድሬ መሆኑ ይቀራል።

ደስ የሚለው ነገር፣ መስመሩ ራሱ ለትንሽ ሞዴል የተመቸ ነው። በዚያ ዘመን የመንገደኛው ባቡር የሚጓዘው ቀን ቀን ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፣ ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ይታደራል። እና ባቡር ቆሞ ማደሩ የጣቢያው የዕለት ሥራ ነው፣ አንተ ቦታ ስላነሰህ የፈጠርከው አይደለም። አንዱን ባቡር ከጅቡቲ በኩል ሲመሽ አስገባ፣ ሌላውን ከአዲስ አበባ፣ ጎን ለጎን ይደሩ፣ ሲነጋ ይለያዩ። ለዚያች ሳምንት ደግሞ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን ባዶ አድርገው፣ ወደ ጅቡቲ የሚወርደውን ጭንቅንቅ አድርገው። ሌላ ማብራሪያ ሳትጨምር ያየው ሰው ይገባዋል።

ሐዲዱን ስትጨርስ አንድ ነገር ልብ በል። ገበያ ላይ ያለው ሐዲድ ከሥሩ ያሉት አግዳሚዎች እንጨት የሚመስሉ ናቸው። የዚህ መስመር አግዳሚዎች ግን ብረት ናቸው፣ ምስጥ ባለበት አገር እንጨት አይበረክትም። አግዳሚዎቹን እንደ ሐዲዱ በዛገ ቡናማ ቀባቸው። የብረት አግዳሚ ጫፉ ወደ ታች ታጥፎ መሬት ውስጥ ስለሚገባ ጫፍ ጫፋቸውን በጠጠር ድፈነው። ይቺ አንድ ሰዓት የማትፈጅ ሥራ መልኩን ከሁሉም በላይ ትቀይረዋለች። ለአሸዋው ደግሞ የጓሮህን አፈር በሻይ ማጥለያ ነፍተህ ተጠቀም። ከመበተንህ በፊት ግን ማግኔት በፌስታል ጠቅልለህ አሳልፍበት። አሸዋ ውስጥ ብናኝ ብረት አለ፣ የሎኮሞቲቩ ሞተር ይስበውና በአንድ ወር ውስጥ ይበላዋል። በደረቁ ቀናት የድሬዳዋን የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ያየ ሰው ቀለሙን ያውቀዋል፣ ፈዘዝ ያለ፣ ወደ ግራጫ የሚሄድ። ከበስተጀርባው ሥዕል ሥር ትንሽ አድርግ፣ ይበቃል። መሠረቱን በኮምፔንሳቶ ሥራው፣ ካርቶን እርጥበት ሲያገኘው ይጣመማል፣ ቤዝመንት ደግሞ እርጥበት አያጣም።

አሁን ወደ ሰዎቹ፣ እውነቱን ለመናገር እኔ ብዙ የምቆየው እዚህ ላይ ነው። በ1 ለ87 ሰው 2 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። የሚሸጡት ምስሎች ኮትና ባርኔጣ ያደረጉ አውሮፓውያን ናቸው። ባርኔጣውን በምላጭ ቁረጠው፣ እግሩን ባዶ አድርገህ ቀባው። ከዚያ ሶፍት ወስደህ ባለ ሁለት ንብርብሩን ግንጥል፣ አንዱን ስስ ንብርብር 2 ሳንቲ ሜትር በ3 ቁረጥ። ኮላውን ግማሽ በግማሽ ውሃ አቅጥነው። ሶፍቱን ንከረውና በወረንጦ ትከሻው ላይ ጣል፣ በመርፌ ጫፍ እጥፋቱን አውጣ፣ ሳትነካው አሳድረው። ጠዋት ነጠላ ሆኖ ታገኘዋለህ። ጥለቱን በደንብ በተቀረጸ ባለቀለም እርሳስ አንዴ ብቻ ሳብ። በብሩሽ ከሞከርከው ይወፍራል። ጓዙንም እንደዚያው ሥራው፣ የሶፍት እንክብል፣ 5 ሚሊ ሜትር፣ በክር አንዴ የታሰረ። ሃያ ሠርተህ ፕላትፎርሙ ላይ በአንድ በኩል ከምራቸው። ሰዎቹን በሦስት በአራት አድርገህ አስቀምጣቸው። ቁጭ ያሉ ይብዙ። የቆመው ጥቂቱ ነው፣ እሱም የሚያየው ወደ አዲስ አበባው በኩል ይሁን።

ሴኔጋላዊው ዘበኛ ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል። ካኪ፣ ፌዝ የሚባለው ቀይ ቆብ፣ ጠመንጃ። ቀዩ በጠቅላላው ሥራ ላይ ያለው ብቸኛ ደማቅ ቀለም ቢሆን ጥሩ ነው፣ ዓይን ራሱ ሄዶ ያገኘዋል። ከእነሱ በላይ የፈረንሳይ ባንዲራ አንዲት ትንሽ።

መብራቱን አትርሳ። ትዕይንትህ ምሽት ከሆነ ፋኖስ ያስፈልግሃል። ቢጫ ወደ ነጭ የሚያደላ ትንሽዬ ኤል ኢ ዲ ግዛ። በ12 ቮልት ላይ ሰዎች ባለ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ያደርጉበታል፣ ያኔ ፋኖሱ የመኪና መብራት ይመስላል። 10 ኪሎ ኦም አድርግበት። ፍዝዝ ይላል፣ ላምባ ይመስላል። ሁለት ፋኖስ ፕላትፎርሙ ላይ፣ አንድ ወርክሾፑ ውስጥ። የቤዝመንቱን መብራት አጥፍተህ ሞክረው።

ሬሳና ደም ስለማስቀመጥ አልጠየቅከኝም፣ ግን ብዙዎች ስለሚጠይቁኝ አስተያየቴን ልስጥህ። እኔ አላደርገውም። ይሄን ሥራ አንድ ቀን ለቤተሰብህ ታሳየዋለህ፣ ያን ዘመን በእናትና በአባታቸው አፍ የሰሙ አዛውንቶች አጠገቡ ይቆማሉ። የሆነውን አንተ ልትነግራቸው አይገባም። የተከመረውን ጓዝ ሲያዩ የቀረውን እነሱ ይነግሩሃል።

ሥራ ከመጀመርህ በፊት አንድ ነገር አጣርተህ ንገረኝ። አያትህ ምድር ባቡር ውስጥ የትኛው ክፍል ነበሩ? ነጂ ከነበሩ ሎኮሞቲቩ ላይ እናስቀምጣቸዋለን። ትኬት ቤት ከነበሩ መስኮቱ ክፍት ይሁንና ውስጡን እናብራው። ወርክሾፕ ከነበሩ ደግሞ የሕንፃውን ትልቁን በር አትዝጋው፣ ሦስተኛውን ፋኖስ እዚያ አድርግና አንድ ሰው ጎማ ሥር ተንበርክኮ እንዲታይ አድርገው። እናትህ ታውቅ ይሆናል፣ ዛሬውኑ ደውልላት።